ፒያሳ ነኝ፤ ፈጣኑ ባዶ ነው

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የመጣው የመጀመሪያ ደንበኛ መኪና አልነበረውም። ስልኩን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆመና «ስልክ ቻርጅ ታደርጋላችሁ?» አለኝ። ከኋላዬ ሰው የሚያካክሉ ሁለት ነጭ ማሽኖች ቆመዋል፤ ግድግዳው ላይ የኤሌክትሪክ መኪና ተስሏል። «አናደርግም» አልኩት። «ታዲያ ምን ልታደርጉ ቆማችኋል?» ብሎኝ ሄደ። እስኪመሽ ድረስ መልሱን ሳስብ ዋልኩ። ሌላ ሰው አልመጣም።

የዚያን ዕለት ጠዋት ሥራውን ያሳየኝ አቶ ነስሩ ራሱ ነው። የጣቢያው ባለቤት ነው። አባቱ እዚሁ ፒያሳ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ነበራቸው፤ እሱ ባንኮኒው ላይ ተቀምጦ እግሩን ሲያወዛውዝ አውቀዋለሁ። ሰው ፊት አቶ ነስሩ እለዋለሁ፣ ለብቻችን ስንሆን ነስሩ። እሱ ግን የትም ቢሆን ጋሽ ተክሌ ነው የሚለኝ።

ቢጫ ሰደርያና ጓንት ሰጠኝ። «ይኼ ፈጣኑ ነው፣ ያኛው ዘገምተኛው» አለኝ። «መጀመሪያ መኪናው ይጥፋ። ክዳኑን ክፈት፣ ውሃ ወይ አፈር እንደሌለበት እይ። ከዚያ የኬብሉን ጫፍ ግፋ፣ ቀጭ ሲል ተወው። ስትጨርስ ከማሽኑ ላይ አቁም፣ ሹፌሩ መኪናውን ይክፈትልህ፣ ከዚያ ንቀል። አልለቅ ካለህ አትታገለው፤ መኪናው ቆልፎት ነው።»

«ይኼ ቀዩ ቁልፍስ?»

«እሳት ካላየህ አትንካው።»

«ካየሁስ?»

«ንካውና ሩጥ። ገባህ ጋሽ ተክሌ?»

«ከሚኒባስ ይቀላል» አልኩት። «ይኼ አይሳደብም።»

ከዚያ በፊት ዕድሜዬን የጨረስኩት ሚኒባስ ላይ ነው። በረዳትነት ጀመርኩ፤ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «አራት ኪሎ! ስድስት ኪሎ!» የሚለው እኔ ነበርኩ። ጉልበቴ ሲደክም ተራ አስከባሪ ሆንኩ፤ ማን ቀድሞ እንደመጣ፣ ማን ቀድሞ እንደሚወጣ የምወስነው እኔ ነኝ። ሹፌር መሆን አልቻልኩም፤ ለመንጃ ፈቃድ ማንበብ ያስፈልግ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ የማታ ትምህርት ቤት ገብቼ ነው። ዛሬም ቀስ ብዬ ነው የማነበው። ይህንንም ቀስ ብዬ ነው የጻፍኩት። የቸኮለ ሰው ሌላ ነገር ያንብብ።

ቤታችን ከውቤ በረሃ ጀርባ ነበር። ሰፈሩ ለልማት ሲነሣ ከከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ደረሰኝ። አራተኛ ፎቅ ነው። ውሃ አለው አልልም፣ ንፋስ ግን አለው። ጎረቤቶቼ ጥሩ ሰዎች ናቸው ይባላል፤ አላውቃቸውም። ጠዋት ተነሥቼ በረንዳ ላይ እቆማለሁ። ከታች አቧራ፣ ከላይ ሰማይ። በዚያ ቁመት የሚጠራኝ ሰው የለም፣ የምጠራውም መንገደኛ የለም። ለረዳት ጡረታ የሚባል ነገር አልተሠራለትም፤ ጡረታ ማለት ይኼ በረንዳ መሰለኝ።

ነስሩ ደውሎ «ጋሽ ተክሌ፣ ፒያሳ ሥራ አለ፣ ትመጣለህ?» ሲለኝ ሥራው ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ሁለት ሚኒባስ ቀያይሬ መጣሁ። ስወርድ የቆምኩበትን ቦታ ለማወቅ ዞር ዞር ማለት ነበረብኝ፤ ግማሹ ሕንጻ የለም፣ ሌላው ግማሽ አዲስ ነው። ዳገቱ ግን ያው ነው። ጉልበቴ አወቀው።

ግቢያችን ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ በሚወርደው መንገድ፣ ከአንድ አዲስ ፎቅ ጀርባ ነው። ከኋላው ረጅም የድንጋይ ግንብ አለ፤ ከግንቡ በላይ ሌላ መንገድ ያልፋል። ግንቡ ዳር ወደ ላይኛው መንገድ የሚያወጣ አሮጌ ደረጃ አለ፣ ቆሻሻ የሞላበት። በእግር ከሆነ ሁለቱ መንገዶች አንድ ናቸው። በመኪና ከሆነ ግን ዞሮ መምጣት ነው።

አንድ ወር ሲሆነን ነስሩ አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ያን ቀን የመጡት መኪኖች በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

«እስከ ጥምቀት እንይ» አለኝ። «ካልሠራ ማሽኖቹን ነቅዬ ወደ ቀለበት መንገድ እወስዳቸዋለሁ። እዚያ ቦታ ያለው ሰው እየጠየቀኝ ነው።»

«እኔስ?»

«አንተም ከፈለግህ ትመጣለህ።»

«ቀለበት መንገድ ላይ ምን አለኝ?»

ማሽኖቹ ከሄዱ ፒያሳ የምመጣበት ምክንያት ያልቃል። ሥራ ፈት ሰው ሁለት ሚኒባስ ከፍሎ ዳገት ለማየት አይመጣም። በረንዳው እየጠበቀኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ስልክ መደወል ጀመረ። ሹፌሮች ቻርጅ የሚደረግበትን ቦታ የሚፈልጉበት አፕ አለ፤ ካርታ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ያሳያል፣ ነጥቡን ሲነኩት ስልክ ቁጥር ይወጣል። የወጣው ቁጥር የኔ ነው። የሚደውሉት ሁሉ ደግሞ ተቆጥተው ነው የሚደውሉት።

«ሄሎ፣ ደርሻለሁ እኮ! የት ነው ያላችሁት?»

«ምን ይታይሃል?»

«ኬክ።»

«ምን?»

«ኬክ ይታየኛል። በመስተዋቱ ውስጥ ኬክ ተደርድሯል።»

ስልኩን ዘጋሁበት። የሚቀልድ መሰለኝ፤ አራዳ ውስጥ ላደገ ሰው ሁሉም ሰው ቀልደኛ ይመስለዋል። በማግስቱ አንዲት ሴት ደወለች። ድምጿ የጨዋ ነው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ካርታው ደርሰሻል ይለኛል።»

«ምን ይታይሻል የኔ እመቤት?»

«ቦምቦሊኖ» አለች።

በዚህ ጊዜ ሰደርያዬን እንደለበስኩ ደረጃውን ወጣሁ። ከላይ ስደርስ የለተብርሃን ኬክ ቤት ፊት ለፊት አራት የኤሌክትሪክ መኪኖች ቆመዋል። ውስጥ ገባሁ፤ መቀመጫ የለም። ሹፌሮቹ ማኪያቶ ይዘው ስልካቸውን እያዩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ለተን ሚኒባስ ላይ ከነበርኩበት ዘመን ጀምሮ አውቃታለሁ። አምስት ጠረጴዛ፣ አንድ የማኪያቶ ማሽን፣ እንደ ምላጭ የሰላ ምላስ አላት።

«ለተ፣ እነዚህ መኪኖች ምንድን ናቸው?»

«ደንበኞቼ ናቸዋ!»

«ከመቼ ወዲህ?»

«ከመስቀል ወዲህ። ቦምቦሊኖዬ በስልክ ወጥቷል መሰለኝ። 'እዚህ ነው፣ እዚህ ነው' እየተባባሉ ይመጣሉ። ዱቄት ጨምሬያለሁ፣ አስተናጋጅ ቀጥሬያለሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።»

እየተነጋገርን አንድ ጎልማሳ ገባና «እናቴ፣ ማሽኑ ይሠራል?» አላት። ለተ የማኪያቶውን ማሽን መታ መታ አድርጋ «ከንጋት ጀምሮ» አለችው። ሰውየው ማሽኑን አየ፣ ስልኩን አየ፣ ደክሞት ተቀመጠ።

ወደ ግቢ ተመልሼ ለነስሩ ደወልኩ። ያየሁትን ነገርኩት።

«ጋሽ ተክሌ፣ አፑ ላይ ስመዘገብ የት ነበርኩ መሰለህ?»

«ለተ ቤት።»

«ማኪያቶ ይዤ ነበር። ስልኩ 'አሁን ያሉበት ቦታ ይህ ነው?' አለኝ። ነው አልኩት። ዋሸሁ እንዴ?»

አልዋሸም። ፒያሳ ውስጥ ቤት የሚሸጠው፣ ሽምግልና የሚቀመጠው፣ ሰው የሚቀጠረው ኬክ ቤት ተቀምጦ ነው። ነስሩም ጣቢያውን የመዘገበው አባቱ ሥራቸውን በሚሠሩበት ዓይነት ነው። አባቱን ግን ስልክ አይከተላቸውም ነበር። ብዙ ጊዜ የማልስቀው ሰውዬ ያን ቀን ግንቡን ተደግፌ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። ነስሩም በስልኩ ውስጥ ይስቃል።

ነጥቡ እንዲታረም ለአፑ ሰዎች ጻፈ። «ጥያቄዎ ደርሶናል» የሚል መልስ መጣ። እንዲህ የሚል መልስ ምን ያህል እንደሚያስጠብቅ የቀበሌ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔ ደግሞ ጥምቀት አይጠብቀኝም።

በማግስቱ ጠዋት ለተ ደጃፍ ቆምኩ። ጉሮሮዬን ጠራረግኩና ለብዙ ጊዜ ያልተጠቀምኩበትን ድምፄን አወጣሁት።

«ቻርጅ! ቻርጅ! ቻርጅ! በታች በኩል! ፈጣኑ ባዶ ነው! ገባ በሉ!»

መንገደኛው ሁሉ ዞረ። አንድ በስልክ ጥሪ የሚሠራ የታክሲ ሹፌር፣ ስሙ ሚኪ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ሳቀብኝ።

«ፋዘር፣ ስንት ሰው ይቀርሃል?»

«አንድ ሰው። ባትሪህ ስንት ቀረው?»

«ዘጠኝ።»

«በዘጠኝ ፐርሰንት ሙድ ይያዛል? ንዳው! ዞረህ በቀኝ ግባ።»

ዞሮ ገባ። ከኋላው ሌላ ተከተለው። ያን ቀን ሁለቱም ማሽኖች ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው ሲሠሩ አየሁ። ቁጥሩ ከዘጠኝ ወደ አሥር፣ ከአሥር ወደ አሥራ አንድ ሲል ሚኒባስ ሲሞላ እንደማየት ነው። ደስ አለኝ። ደስ ያለኝን ነገር መጻፍ አልወድም፤ ግን እውነት ስለሆነ ጻፍኩት።

ለተ ግን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ወጣች።

«አንተ ሰውዬ፣ ደንበኛዬን ከደጄ ላይ ትጠራለህ?»

«ደንበኛው የኔ ነው። ካርታው ነው ወዳንቺ የሚያመጣው።»

«ዋይ! ካርታ ያመጣልኝን ሰው ልመልስ እንዴ? እኔ የአንተ ታፔላ ነኝ?»

«ለተ፣ ስሚኝ። መኪናው እኔ ጋ ሲሞላ ሰውየው ምን ይሠራል? ቆሞ ግንብ ያያል። ደረጃውን ባሳየውስ?»

እጇ ከወገቧ ወረደ። «ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«በፈጣኑ ከሆነ አንድ ማኪያቶና ሁለት ቦምቦሊኖ። በዘገምተኛው ከሆነ ምሳውን ታበይዋለሽ።»

ደረጃውን ቁልቁል አየችው። ቆሻሻውንም አየች። «ኪድ! ሂድ በል፣ ደረጃውን ጥረግልኝ» አለችኝ።

ጠረግኩት። ከዚያ በኋላ ሥራችን እንዲህ ሆነ። የለተ ጓዳ መስኮት ከግንቡ በላይ በቀጥታ ወደ ግቢያችን ያያል። ነጥቡን ተከትሎ መኪና ሲመጣባት መስኮቱን ከፍታ «ተክሌ! አንዲት ሰማያዊ መጣች!» ትለኛለች። እኔ «ላኪያት!» እላለሁ። መኪናዋ ዞራ ትመጣለች፣ እሰካታለሁ፣ ባለቤቷን በደረጃው እልካለሁ። ሰማንያ ፐርሰንት ላይ ስትደርስ ወደ መስኮቱ እጮሃለሁ፦ «የሰማያዊዋ ባለቤት ይውረድ!» ሰማንያ የምለው ከዚያ በላይ ማሽኑ ስለሚንቀራፈፍ ነው፤ መቶ እስኪሞላ የሚቀመጥ ሹፌር የሌላውን ሰው ተራ ነው የሚበላው። ይህን የማይገባው ከመጣ ለተ ራሷ «ጠጥተሃል፣ ኪድ» ትለዋለች።

ሰዓት መናገር ተውን። ሹፌሮቹም «ፋዘር፣ ስንት ማኪያቶ ይቀረኛል?» ማለት ለመዱ።

ሚኪ ሹፌሮች የሚነጋገሩበት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አስገባኝ። «ማሽኑ ባዶ ሲሆን ጻፍላቸው» አለኝ። አንድ መስመር ጽፌ እስክጨርስ ባዶው ማሽን ተይዞ፣ ሞልቶ፣ ተለቅቆ ሌላ ገብቶበታል። ሚኪ እያየኝ ቆየና «ፋዘር፣ ይኼን ማይክ ተጫንና አውራ። አንተ ለማውራት የተፈጠርክ ሰው ነህ» አለኝ።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት በድምፅ እልካለሁ።

«እንደምን አደራችሁ። ፒያሳ ነኝ። ፈጣኑ ባዶ ነው። ዘገምተኛው ላይ አንዲት ነጭ አለች፤ ባለቤቷ ሦስተኛ ቦምቦሊኖ ላይ ስለሆነ ቶሎ አይነሣም። የአውሮፓ ሶኬት ያላችሁ አስማሚያችሁን፣ አዳፕተሩን ማለቴ ነው፣ ይዛችሁ ኑ፤ የኔ አንድ ብቻ ነው፣ እሱንም ትናንት አንዱ ረስቶ ይዞት ሄዷል። ሌባ አልለውም፤ ግን ይመልስ።»

አስማሚው በምሳ ሰዓት ተመለሰ። ያመጣው ሰው ዓይኔን አላየኝም። ግሩፑ ውስጥ ሳቅ ብቻ ሆነ። ሰው በድምፄ መሳቅ ብቻ አይደለም፣ መስማት ጀመረ። ስድስት ኪሎ የሚያስተምሩ አንዲት መምህር «ጋሼ፣ ጠዋት እርስዎን ሳልሰማ ከቤት አልወጣም» አሉኝ። መኪና ገና የላቸውም፤ ሊገዙ እያሰቡ ነው።

ከግሩፑ ጋር ስጀምር አንድ ነገር ለራሴ ወስኜ ነበር፦ ያለውን አለ፣ የሌለውን የለም ማለት። ይህን ያስወሰነኝ ያ አረንጓዴ ነጥብ ነው። ነጥቡ መብራት ይኑር ይጥፋ አያውቅም። መብራት በጠፋበት አንድ ቀን አንድ ሰውዬ ልጆቹን ጭኖ፣ ባትሪው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ነጥቡን አምኖ ዳገቱን ወጣ። ከለተ ደጃፍ ዞሮ በራችን ላይ ሲደርስ መኪናው ቆመ። እኛ ጨለማ ውስጥ ነን። ለስድስት ሆነን ገፍተን አስገባነው፤ ልጆቹ ከውስጥ ያጨበጭባሉ፣ አባትየው ላቡን ይጠርጋል። «እንደዚህ መሆኑን አንድ ሰው እንኳ አይነግረኝም?» አለ። መብራት እስኪመለስ ልጆቹ ለተ ጋ ክሬም ሲልሱ ዋሉ። የአባትየው ጥያቄ ግን ከልቤ አልወጣም።

ወደ ጥምቀት ስንቃረብ መኪና መጥቶ ነበር፤ ነስሩ ግን ልቡ አልተመለሰም። «አንድ ቀን ሞላ ይላል፣ አንድ ቀን ባዶ ነው። የቀለበት መንገዱ ሰውዬ መልስ ይፈልጋል» አለኝ። ከዚያም ቀኑን ነገረኝ። ሰውየው መጥቶ ግቢውን ያያል፤ ገበያ ከሌለ ቴክኒሻኑ የዚያኑ ዕለት ማሽኖቹን መፍታት ይጀምራል።

ያ ቀን ሲነጋ መብራት የለም።

ሁለቱ ማሽኖች እንደ ፍሪጅ ቆመዋል። ስልኬን ሳይ ደግሞ የሚገርም ነገር አየሁ፦ የአፑ ሰዎች ነጥቡን አርመውታል። ለመጀመሪያ ጊዜ አረንጓዴው ነጥብ በትክክል ከኔ ጭንቅላት በላይ ነው። ከተማው ሁሉ ወደኔ እንዲመጣ ይጠራል። እኔ ደግሞ የምሰጠው ነገር የለኝም።

ማይኩን ይዤ ቆምኩ። ዝም ብል ነጥቡ ሰዎቹን ያመጣቸዋል። ግቢው ይሞላል፣ እንግዳው ሰልፍ ያያል፣ ማሽኖቹ ይቀራሉ፣ እኔም እቀራለሁ። ምንም መዋሸት አይጠበቅብኝም፤ ዝም ማለት ብቻ ነው። ደረጃውን አየሁት፣ እኔ የጠረግኩትን። የለተን መስኮት አየሁት። ከዚያ እነዚያ ከኋላ ወንበር የሚያጨበጭቡ ልጆች ትዝ አሉኝ።

ተጫንኩት። «እንደምን አደራችሁ። ፒያሳ ነኝ። መብራት የለም። ነጥቡን አትመኑት፤ አትምጡ።»

ነስሩ ሲደርስ መልእክቱን መንገድ ላይ ሰምቶታል። ከመኪናው ሳይወርድ ጀመረ።

«ምንድን ነው ያደረግከው?»

«መብራት የለም አልኳቸው።»

«ዛሬ? ሰውየው መጥቶ ቆሞ እያየ? ይምጡና ይጠብቁ ማለት አቃተህ? ባዶ ግቢ ላሳየው?»

«ባዶ ነዋ።»

«ወላሂ ጋሽ ተክሌ፣ አንተ ለራስህም አታዝን!»

ለራሴ አዝኜ ነበር።

የቀለበት መንገዱ ሰውዬ መጣ። ወፍራም፣ ሰላምተኛ ሰው ነው፤ ልጠላው ብዬ አልተመቸኝም። ባዶውን ግቢ ዞሮ አየ፣ «ቦታው ጥሩ ነበር» አለ። ነበር ሲል ሰማሁት። ነስሩ ይዞት ለተ ጋ ወጣ። ቴክኒሻኑ መፍቻውን አውጥቶ የዘገምተኛውን ብሎኖች መመርመር ጀመረ። እኔ በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ ጓንቴን አወለቅኩ።

ለምሳ ጥቂት ሲቀር ከኋላዬ ቲጥ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞርኩ። የፈጣኑ ስክሪን በርቷል። ከዚያ የዘገምተኛው። ቴክኒሻኑ መፍቻውን ይዞ ወደኋላ ዘለለ።

ጓንቴን ሳላደርግ ማይኩን ተጫንኩት። «መጣ! መጣ! ፒያሳ ነኝ! መብራት መጥቷል! ሁለቱም ባዶ ናቸው! በተራ ኑ፣ አትጋፉ!»

ተጋፍተው መጡ።

ሚኪ ቀዳሚ ነው። ቀጥሎ ሁለት ታክሲ፣ ያቺ ሰማያዊ፣ የጨዋ ድምፅ ያላት ሴትዮ፣ ልጆቹን ጭኖ የነበረው አባት። ጠዋት «አትምጡ» ስላልኳቸው የትም ሳይባክኑ፣ ባትሪያቸውን ይዘው ሲጠብቁ የነበሩ ናቸው። ሰልፉ ከበራችን ወጥቶ ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ ወረደ። የሚኒባስ ሰልፍ አውቃለሁ፤ ጆሮ ያደነቁራል። ይኼ ግን ሞተር የለውም። ያ ሁሉ መኪና ቆሞ የሚሰማው የሰው ሳቅ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሰልፍ በሕይወቴ አስከብሬ አላውቅም።

«አንተ ሁለተኛ! ሰማያዊዋ ሦስተኛ! አንተ ጀለስ፣ ከጎን አትግባ፣ አይቼሃለሁ!» እያልኩ ወረድኩ ወጣሁ። ጉልበቴን ረሳሁት።

ቴክኒሻኑ ምስኪን ነው፤ የታዘዘውን ሊሠራ ወደ ዘገምተኛው ተመለሰ። መኪና ተሰክቷል።

«ይቅርታ፣ ይህቺን መኪና ታነሷት? ማሽኑን ልፈታ ነው።»

«አርባ ላይ ነኝ» አለው ሹፌሩ። «ሰማንያ ልድረስ።»

«ከሱ ቀጥሎ እኔ ነኝ» አለ የሚከተለው።

«እኔም አለሁ» አለች ሴትዮዋ።

ቴክኒሻኑ ወደኔ ዞረ። «አባባ፣ ለመፍታት የኔ ተራ መቼ ነው?»

ተራ ነገር ላይ አልቀልድም። «ከመጨረሻው መኪና በኋላ» አልኩት። ሄዶ ከሰልፉ ጫፍ ቆመ። አዲስ መኪና በመጣ ቁጥር ግን «አንተ መኪና የለህም፣ መኪና የሌለው ተራ አይዝም» እያሉ ወደኋላ ይገፉታል። ሚኪ መስኮቱን አውርዶ «ወንድሜ፣ ይኼ ሰልፍ አያልቅም፤ ቦምቦሊኖ ብላ» አለው። ለተም ከላይ ከመስኮቱ «ማሽን ነቃዩን ላኩልኝ፣ በነፃ ነው!» ብላ ጮኸች። ማሽኖቹ ሊነቀሉ እንደሆነ ከጠዋት ጀምሮ ለገባ ለወጣው ሁሉ የነገረችው እሷ ናት።

ነስሩና እንግዳው በደረጃው ወረዱ። በእንግዳው አፍ ዳር ስኳር አለ። ሰልፉን እስከ ታች አየው። «ነስሩ፣ ይኼን ከዚህ የሚነቅል ሰው ጤነኛ አይደለም» አለ። ከዚያ ወደኔ መጥቶ «ለመሆኑ በምን ሰበሰብካቸው?» አለኝ።

«መብራት የለም ብዬ» አልኩት። የገባው አልመሰለኝም።

ነስሩ ቴክኒሻኑ መፍቻውን ወደ ሳጥኑ ሲመልስ አየ። መኪናው ውስጥ ገብቶ መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

«ጋሽ ተክሌ፣ ነገ በጠዋት ትገባለህ?»

«ቀርቼ አውቃለሁ?»

«አይ። ዝም ብዬ ልጠይቅህ ብዬ ነው።» መኪናውን አስነሣና «ነገም መብራት ከሌለ የለም በላቸው» አለኝ።

ያን ማታ በረንዳዬ ላይ ቆምኩ። ንፋሱ ያው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ግን ቶሎ ተኛሁ፤ ጠዋት ሥራ ነበረኝ።

ነጥቡ አሁን ትክክል ነው። ለተ ግን «ከደንበኞቼ ለያየኸኝ» ብላ ለአንድ ሳምንት አኮረፈችኝ። ቦምቦሊኖዋንም አፑ ላይ አስመዝግቡልኝ እያለች ነስሩን ትነዘንዘዋለች። የት ሆኖ እንደሚመዘግብላት እኔ አልነግረውም።

ይህን ሥራ ለምትጀምሩ፦ መብራት ሲኖር አለ በሉ፣ ሲጠፋ የለም በሉ። ኬብሉን አትታገሉት። ለመኪና ባለቤቶች፦ ሃያ ፐርሰንት ሲቀራችሁ ተነሡ፣ ዘጠኝ አትጠብቁ፣ ሰማንያ ላይ ንቀሉ። ከመምጣታችሁ በፊት ደውሉ። የማነሣው እኔ ነኝ።